«ነፍሰ ጡር እህቴን ከነልጆቿ የሚቀበል የሱስ ማገገሚያ አለ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የሚኖሩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታናሽ እህታቸው የ5 ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የ4 ዓመት ወንድ ልጅና የ11 ዓመት ሴት ልጅ አሏት። በየቀኑ ቮድካ ትጠጣለች፤ በወገብ ሕመም ምክንያት የጀመረችውን ፐርኮሴትም መተው አቅቷታል። ግሪን ካርድ ካገኘች 3 ዓመቷ ነው፤ ሆም ኬር ትሠራለች። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «አዲስ አበባ ወስደን ጸበል እናስገባት» ይላል፤ ሌላው እዚሁ ማገገሚያ ይፈለግላት ባይ ነው። እሷ ግን «ሐኪም ቤት ከሄድኩ ልጆቼን ይነጥቁኛል» ብላ በሯን ዘግታለች።

ለጥያቄዎ መልሱ «አለ» ነው። እናትን ከልጆቿ ጋር ተቀብለው ለወራት የሚያኖሩ ማገገሚያ ቤቶች አሜሪካ ውስጥ አሉ፤ ነፍሰ ጡር መሆኗም በወረፋው ከፊት ያስቀድማታል። ነገር ግን ከማገገሚያው የሚቀድም አንድ ጉዳይ አለ፤ መጠጡን የት ሆና ታቆማለች የሚለው። ከእሱ ልጀምር፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና።

ቤት ውስጥ በራሷ እንዳታቆም

በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም፣ ለወራት በአልኮል ሲደነዝዝ የኖረው የነርቭ ሥርዓት ከልክ በላይ ይነቃል። ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መፍጠን ይጀምራል። እንደ ሚጥል በሽታ የሚጥለው መንፈራገጥ የሚመጣው ባብዛኛው በ6 እና በ48 ሰዓት መካከል ነው። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ዲሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው ሊከተል ይችላል፤ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ የደም ግፊት መናር። ካልታከመ ይገድላል። ነፍሰ ጡር ስትሆን አደጋው እጥፍ ነው፤ መንፈራገጡ ለፅንሱ የሚደርሰውን ኦክስጅን ያሳጥራል፣ ምጥንም ያለጊዜው ሊያስነሣ ይችላል።

ይህን ይዘው የአዲስ አበባውን ሐሳብ ይመልከቱት። ከዋሽንግተን ዳለስ አየር ማረፊያ አዲስ አበባ ያለማቋረጥ የሚበረው አውሮፕላን 13 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። «ከጉዞው ቀን ጀምሮ አትጠጣም» ብላችሁ ካሳፈራችኋት፣ መንፈራገጡ የሚመጣበት ሰዓት አትላንቲክ ላይ ያገኛታል። ጸበሉን ተዉት አልልም፤ ብዙ ሴቶች የሚጸኑት በእምነታቸው ነው፣ ማገገሚያ ውስጥ ሆና ጸበል መጠጣትና ቄስ ማነጋገር የሚከለክላት የለም። የማይሆነው ጸበሉን በዲቶክስ (መጠጡን በሐኪም ክትትል የማስቆም ሕክምና) ቦታ መተካት፣ ወይም የታዘዘላትን መድኃኒት አስትቶ ማስገባት ነው። ሌላም አለ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከ180 ቀን በላይ ውጭ ከቆየ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ሊታይ ይችላል፤ የኢሚግሬሽን ሕጉም ስለ ልማደኛ ጠጪነትና ስለ መድኃኒት ሱሰኝነት አንቀጾች አሉት። ከአገር ከመውጣቷም ሆነ የዜግነት ማመልከቻ ከመሙላቷ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ታነጋግር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማረፊያ ሆስፒታል ነው፤ በተለይ የወሊድ ክፍል ያለው። ከ1986 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ የድንገተኛ ክፍል ኢንሹራንስ ኖራትም አልኖራትም መርምሮ ማረጋጋት ግዴታው ነው። እዚያ ሲደርሱ በደፈናው «አሟታል» አይበሉ። በቀን ምን ያህል እንደምትጠጣ፣ የመጨረሻውን መቼ እንደጠጣች፣ ስንት ፐርኮሴት እንደምትወስድ፣ ከዚህ በፊት ስታቆም ወድቃ እንደምታውቅ፣ ስንተኛ ሳምንት ላይ እንዳለች ይነገራቸው። ሀፍረት ቁጥሩን በግማሽ ሲያስቀንሰው ሐኪሙም መድኃኒቱን በግማሽ ያዛል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ችግር የሚፈጠረው አንዳንዴ በዚሁ ነው። ሆስፒታሉ ባብዛኛው የቤንዞዲያዜፒን ወገን የሆኑ ማረጋጊያዎችን ለጥቂት ቀናት እየቀነሰ ይሰጣል፤ ቫይታሚን ቢ1 (ታያሚን) እና ፎሌትም ይጨምርላታል። የአልኮሉ ዲቶክስ በተለምዶ ከ3 እስከ 7 ቀን ይወስዳል። ሆስፒታል እስክትደርስ ድረስ መጠጡን ደብቃችሁ ወይም ደፍታችሁ በግድ አታስቁሟት፤ ግን ዛሬ ትሂድ። ከወደቀች፣ ከቃዠች ወይም ደም ካየች 911 ይደወል።

ፐርኮሴቱ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለው። አንዱ የተለመደ ክኒን 5 ሚሊግራም ኦክሲኮዶንና 325 ሚሊግራም አሴታሚኖፌን፣ ማለትም ታይለኖል፣ ይዟል። በቀን 10 ብትውጥ 3,250 ሚሊግራም ታይለኖል ገባ ማለት ነው፤ ከቮድካ ጋር ጉበት አይችለውም። የጉበት ምርመራ እንዲደረግላት ይጠይቁ። ክኒኑ ከፋርማሲ ሳይሆን ከሰው የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ፐርኮሴት መስሎ የተሠራ፣ በጥቂቱ የሚገድለው ፈንታኒል ሊሆን ይችላል። በእነዚህ መድኃኒቶች ትንፋሹ የደከመን ሰው የሚመልሰው፣ ናሎክሶን (ናርካን) የሚባለው የአፍንጫ መርጫ ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል፤ ቤት ውስጥ አንድ ይኑር።

ከኦፒዮይዱም (ፐርኮሴት ካለበት የሕመም ማስታገሻ ወገን) በድንገት መውጣት ለነፍሰ ጡር አይመከርም። ደረጃውን የጠበቀው ሕክምና ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ነው። እዚህ ላይ ቤተሰብ «አንዱን ሱስ በሌላ መለወጥ ነው» ብሎ ሲቃወም እናያለን። ያ ክርክር ብዙ እናቶችን ወደ መንገድ ክኒን መልሷል። በመጠኑ የተረጋጋች እናት ፅንሱን በየቀኑ ከሚፈራረቅ ስካርና መንቀጥቀጥ ታሳርፈዋለች። በ2010 የታተመ፣ ሁለቱን መድኃኒቶች በነፍሰ ጡሮች ላይ ያነጻጸረ ትልቅ ጥናት ቡፕረኖርፊን የወሰዱ እናቶች ሕፃናት በአማካይ 10 ቀን፣ የሜታዶኖቹ ደግሞ 17.5 ቀን ሆስፒታል እንደቆዩ አሳይቷል። ይህ ማለት ሜታዶን መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በቡፕረኖርፊን አልረጋ ያለች ሴት በሜታዶን ትረጋለች። ቡፕረኖርፊን ግን ቶሎ ከተጀመረ ራሱ ከባድ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ ቢያንስ 12 ሰዓት ገደማ አልፎ፣ ምልክቱ ከታየባት በኋላ ነው የሚጀመረው። ከአልኮልና ከማረጋጊያ ጋር ሲደራረብ ትንፋሽ ስለሚያደክም ሁለቱ ዲቶክሶች በአንድ ሐኪም እጅ ይሁኑ። ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ቤይቪው ውስጥ ያለው የሱስና የእርግዝና ማእከል ሁለቱን አጣምሮ የሚያክም ስለሆነ ለእናንተ ከሁሉ ቀድሞ የሚደወልበት ነው።

ቦታ ፍለጋው በዚያው ቀን ይጀመር

በጣም የተለመደው ስሕተት «መጀመሪያ ዲቶክሷን ትጨርስ፣ ከዚያ ቦታ እንፈልጋለን» ማለት ነው። በሆስፒታልና በማገገሚያው መካከል ቤት የምታድርባቸው ጥቂት ሌሊቶች አሉ፤ ብዙዎቹ የሚጠፉት ያኔ ነው። ሆስፒታል በተኛች በመጀመሪያው ቀን ሶሻል ወርከር እንዲመደብላት ጠይቀው፣ ከአልጋ ወደ አልጋ በቀጥታ እንድትዛወር ያስይዙ። ብዙዎቹ የእናትና ልጅ ቤቶች የአልኮል ዲቶክስ በውስጣቸው አያደርጉም፤ «ከሕክምና አንጻር ልትገባ ትችላለች» የሚል የሐኪም ወረቀት ይፈልጋሉ።

ስትደውሉ የምታነሡት ሕግ አለ። ለነፍሰ ጡሮችና ልጅ ላላቸው ሴቶች ተብሎ የተመደበ የፌዴራል ብሎክ ግራንት (ፌዴራል መንግሥቱ ለስቴቶች በጥቅል የሚሰጠውን) ገንዘብ የሚወስድ ፕሮግራም፣ ከ1992 በኋላ በወጣው ደንብ መሠረት፣ ቤተሰቡን እንደ አንድ ታካሚ ማየት፣ ተገቢ ሲሆንም እናትን ከልጆቿ ጋር መቀበል አለበት። ለነፍሰ ጡር ቅድሚያ ይሰጣል። ቦታ ከሌለው ወደ ስቴቱ ይመራታል፤ የትም ቦታ ካልተገኘ በ48 ሰዓት ውስጥ ጊዜያዊ አገልግሎት፣ የቅድመ ወሊድ ክትትልን ጨምሮ፣ ሊዘጋጅላት ይገባል። ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ ይህን ላታውቅ ትችላለች። «ዌይቲንግ ሊስት ላይ እናስገባት» ካለችዎ «ነፍሰ ጡር ናት፤ የ48 ሰዓቱን አገልግሎት የሚያዘጋጀው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ስሟንና ሰዓቱን ይመዝግቡ። ጥሪው አጭር ይሁን፦ 22 ሳምንት፣ አልኮልና ኦፒዮይድ፣ አሁን ሆስፒታል ናት፣ የ4 ዓመት ልጅ አብሯት ይገባል፣ አማርኛ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ግን ስልኩን እሷ ትያዝ። ማንም ቤት ቢሆን ያለ እሷ ድምፅ አይቀበልም፤ ቃለ መጠይቁ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መነሻ የሚሆን ቁጥር ከሌላችሁ የፌዴራሉ የሱስ ሕክምና መስመር 1-800-662-4357 ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። 988ም ያነጋግራል።

«ልጆቼን ይነጥቁኛል»

በፍጹም አይነኳትም ብሎ መማል አይቻልም፤ እንዲህ ብሎ የሚምልላችሁን አትመኑ። ግን ፍርሃቷ የተገለበጠ ነው። ልጅ የሚወሰደው በብዛት ከሕክምና በፊት ነው፤ ሰክራ ልጅ ጭና ስትነዳ፣ ልጆቹ ብቻቸውን ሲገኙ፣ ሕፃኑ ያለ ምንም ክትትል ሲወለድ። ሕክምና መግባት በራሱ የወንጀልም የጥቆማም ምክንያት አይደለም።

የሱስ ሕክምና መዝገብ ከሌላው የሕክምና መዝገብ በጠበቀ የፌዴራል ደንብ የተሸፈነ ነው። ያለ እሷ ፊርማ ፕሮግራሙ ለአሠሪዋም፣ ለቀድሞ ባሏም፣ ለእርስዎም «እዚህ ናት» እንኳ አይልም። የተለዩ ሁኔታዎች አሉ፦ ድንገተኛ ሕመም፣ በግቢው የተፈጸመ ወንጀል፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ እና በልጅ ላይ የደረሰ ጥቃት ወይም ቸልተኝነት ሲጠረጠር የሚደረገው የመጀመሪያ ጥቆማ። የመጨረሻዋን እሷ ራሷ ከመግባቷ በፊት ትወቃት።

ስትወልድ ሕፃኑ ለአልኮል ወይም ለመድኃኒት ተጋልጦ ከሆነ ሆስፒታሉ ለአካባቢው የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ያሳውቃል። የሜሪላንድ ሕግ ይህ ማስታወቂያ በራሱ ልጁ ተበድሏል ወይም ይበደላል የሚል ግምት እንደማይፈጥር በግልጽ ይናገራል። የሚከተለው ለሕፃኑና ለእናቱ የሚዘጋጅ የደኅንነት እቅድ ነው፤ ሕጋዊ በሆነ መድኃኒትና በአልኮል የተጋለጡትንም ያካትታል። ይህን እቅድ እስከ ምጥ ቀን አትጠብቁት፤ በ7ኛው ወር ከፕሮግራሙ ጋር ተቀምጣ ትጻፈው። የማኅበራዊ አገልግሎቱ ሠራተኛ ወሊድ ክፍል ስትገባ የፕሮግራሙን የመግቢያ ወረቀት፣ የቅድመ ወሊድ ቀጠሮዎቹን፣ የሽንት ምርመራ ውጤቶቹንና የሕፃኑን ሐኪም ስም የያዘ ፋይል ካገኘች ንግግሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ልጆቹ ፎስተር ኬር (መንግሥት የሚመድበው ጊዜያዊ ማሳደጊያ) ከገቡ ግን ሰዓቱ ይቆጥራል። በ1997ቱ የፌዴራል ሕግ ልጅ ከ22 ወር ውስጥ 15 ወር ፎስተር ኬር ከቆየ ስቴቱ የወላጅነት መብትን ለማቋረጥ መክሰስ ይጠበቅበታል፤ ዘመድ ጋር ሲሆን ግን ሊዘለል ይችላል። በ2018 የወጣው ሕግ ደግሞ በፎስተር ኬር ያለ ልጅ ፈቃድ ባለው የቤተሰብ ማገገሚያ ከወላጁ ጋር እንዲኖር የፌዴራል ገንዘብ እስከ 12 ወር ይከፍላል። የከፋው ቢመጣ እንኳ ጠበቃዋ «ልጁ ያለችበት ቤት ይምጣ» ብሎ መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ብዙ ጠበቆች ይህን አንቀጽ ሲነግሯቸው ነው የሚያስታውሱት።

የ11 ዓመቷ ልጅ

እዚህ ላይ ችግር አለ። አብዛኞቹ ቤቶች የልጅ ዕድሜና ቁጥር ይገድባሉ፤ አንዳንዱ እስከ 5 ዓመት፣ ሌላው እስከ 10 ወይም 12፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት የማይበልጡ። የ4 ዓመቱ ይገባል፣ ማሕፀን ያለችው ተወልዳ ትቆጠራለች፣ የ11 ዓመቷ ግን ውጭ ልትቀር ትችላለች። እርስዎ ጋር ትቅር። ሜሪላንድ ውስጥ የወላጅ የመድኃኒት ሱስ «ከባድ የቤተሰብ ችግር» ተብሎ በሕግ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ዘመድ ቃለ መሐላ ሞልቶ በየዓመቱ በማደስ ልጅቷን እርስዎ በሚኖሩበት ሰፈር ትምህርት ቤት ማስመዝገብ ይችላል። ለሕክምናዋም እናትየው በኖታሪ የተረጋገጠ ውክልና ትስጥዎት፤ ያለዚያ በጥርስ ሕመም እንኳ ትጉላላላችሁ። ለልጅቷ እውነቱን በዕድሜዋ ልክ ንገሯት። «እናትሽ ለሥራ ሄዳለች» የተባለች የ11 ዓመት ልጅ ቮድካው የት እንደሚደበቅ ከእናንተ በፊት ታውቅ ነበር።

ቤቱን እንዴት ትመርጣላችሁ

እናትን ከልጅ ጋር የሚቀበል ሁሉ እናትንና ልጅን ያክማል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ቤት ልጁን ከሻንጣዋ እኩል ያስገባዋል፦ አልጋ አለ፣ ሌላ የለም። በደንቡ መሠረት ግን የሕፃናት ሕክምናና ክትባት፣ የልጅ ማቆያ፣ ለልጁ ራሱ የሚሆን የሥነ ልቦና ድጋፍ፣ መጓጓዣና ኬዝ ማኔጅመንት መቅረብ ወይም መመቻቸት አለባቸው። «እሷ ግሩፕ (የቡድን ምክክር) ላይ ስትሆን ልጁ የት ነው? ፈቃድ ያለው ማቆያ ነው? ማን ይይዘዋል?» ብለው ይጠይቁ። «ሌሎቹ እናቶች ተራ በተራ ይይዙታል» የሚል መልስ ካገኙ ስልኩን ዘግተው ወደሚቀጥለው ይሂዱ።

ስለ ቡፕረኖርፊንና ሜታዶን ሲጠየቁ የሚያቅማሙ ቤቶች አሉ። በ2022 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ባወጣው ማብራሪያ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ስለምትወስድ ብቻ መከልከል የአካል ጉዳተኞችን መብት ሕግ የሚጥስ አድልዎ ነው። ያም ሆኖ «እንቀበላለን፣ ግን በ30 ቀን ውስጥ ቀንሳ ትጨርስ» የሚል ቤት ነፍሰ ጡር አይላክበትም፤ ይልቁንም በመጨረሻዎቹ ወራት መጠኑ ከፍ ማለት ወይም ተከፋፍሎ መሰጠት ሊያስፈልገው ይችላል። ከዚያ ደግሞ አንድ ጊዜ ብትሳሳት ምን እንደሚሆን ይጠይቁ። በመጀመሪያው ስሕተት እናትን ከነሕፃኗ ጎዳና የሚያወጣ ቤት ስሕተቱን እንድትደብቅ ያስተምራታል። ጥሩው ቤት እቅዱን ይከልሳል፣ ክትትሉን ያጠብቃል፣ ካስፈለገም ወደ ከፍተኛው ደረጃ ያዛውራታል እንጂ ልጁን ሜዳ ላይ አይጥልም። የሚቆዩበትን ጊዜ በተመለከተ ከ90 ቀን በታች የሆነ ሕክምና ውጤቱ ውስን ነው፤ ለእናትና ልጅ ከ6 እስከ 12 ወር ይሻላል። ኢንሹራንሱ ግን በየጥቂት ሳምንቱ ቆራርጦ ነው የሚፈቅደው፤ ፈቃዱን ማን እንደሚያሳድስ አስቀድሞ ይታወቅ።

የቋንቋው ጉዳይ በቀላሉ አይታለፍ። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ፕሮግራም ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ልጅን በአስተርጓሚነት መጠቀም ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር የተከለከለ ነው። በተግባር የስልክ አስተርጓሚ ለግል ምክክር ይሆናል፤ 12 ሴቶች በሚነጋገሩበት ግሩፕ ውስጥ ግን አይሆንም። ለግሩፕ በአካል የሚገኝ ሰው ይጠይቁ፤ ካልተገኘ የግል ክፍለ ጊዜው እንዲበዛላት ይስማሙ። «አስተርጓሚው ሐበሻ ነው፣ ወሬዬ ከተማ ይሞላል» ማለቷ አይቀርም። ከሌላ ስቴት የሚያገለግል የስልክ አስተርጓሚ መጠየቅና ስሟን አለመናገር ትችላለች።

ክፍያው

ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ሕክምናውን እንጂ የመኝታና የምግቡን ወጪ በማገገሚያ ቤት አይሸፍንም፤ ያንን ስቴቱ፣ ብሎክ ግራንቱ ወይም ካውንቲው ይሞላል። ስለዚህ «ሜዲኬይድ ትቀበላላችሁ?» ብቻ ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም፤ «መኝታውንስ ማን ይከፍላል?» ይበሉ። ግሪን ካርዷ 5 ዓመት ባይሞላውም ሜሪላንድ ነፍሰ ጡሮችን ይሸፍናል፤ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ወረቀት የሌላቸው ነፍሰ ጡሮች እንኳ ይገባሉ። ነገር ግን የአንዱ ስቴት ሜዲኬይድ በሌላው እምብዛም ስለማይከፍል ቨርጂኒያ ያለው ቤት ቢያምርም መጀመሪያ ሜሪላንድ ውስጥ ፈልጉ። ፉድ ስታምፕ ካላት ፕሮግራሙ በስሟ ተቀብሎ ለምግቧ ሊያውለው ይችላል፤ ወሩ 16 ሳይገባ ከወጣች ግማሹን ሊመልስላት ይገባል። ይህን ሳይጠይቁ የሚወጡ ብዙዎች ናቸው።

ሥራዋን በተመለከተ፣ ኤጀንሲው 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ካለው፣ እሷም 12 ወርና 1,250 ሰዓት ከሠራች፣ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ፈቃድ ይገባታል። ለሕክምና የቀረችበት ቀን ነው የሚጠበቅላት፤ ጠጥታ የቀረችበት አይደለም።

ከገባች በኋላ የሚበላሸው

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሁሉ የከፉ ናቸው። ስልክ ይወሰዳል ወይም ይገደባል፣ ጉብኝት አይፈቀድም፣ ሽንት ሰው እያየ ነው የሚሰጠው። የ4 ዓመቱ ልጅ ያቆመውን አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራል፣ ከጉያዋ አልወርድ ይላል። ቀኑ በግሩፕ፣ በወላጅነት ትምህርትና በቤት ሥራ ተራ ያልፋል። ልጁ ከተኛ በኋላ ያለችው አንድ ሰዓት ግን ቤቷ ሳለች ብርጭቆ የምታነሣባት ሰዓት ነበረች፤ «ልውጣ» የሚለው ሐሳብም የሚመጣው ያኔ ነው። ፕሮግራሙን በዚያች ሰዓት ማን እንደሚኖር ጠይቁ። እርስዎም ስልክ ሲፈቀድላት በዚያች ሰዓት ይደውሉ፤ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሰው ወሬ ግን አያንሡ።

ሐበሻ እናቶችን ከሁሉ በላይ የሚጥላቸው ሌላ ነው፤ ልጅ መምታት። ቁንጥጫ፣ ጥፊ፣ «ዝም በል እንጂ» ብሎ ክንድ ጨብጦ መጎተት እዚያ ቤት ውስጥ አይፈቀድም፤ ሠራተኞቹ የተጠረጠረ ጥቃትን የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፣ ቤቱም ሰው የበዛበት ስለሆነ ይታያል። ለወራት የተሠራውን አንድ ጥፊ ይንደዋል። ከመግባቷ በፊት ይህን እርስዎ በአማርኛ፣ በግልጽ ይንገሯት፤ የመግቢያ ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ፈርማበት ሊሆን ይችላል፣ ግን አላነበበችውም።

የፊርማውን ነገር አትርሱ። እንድትገባ በተጠየቀችበት ቀን የእርስዎን ስም የያዘ የፈቃድ ቅጽ ካልሞላች፣ የ11 ዓመቷ ልጅ እርስዎ ጋር እያለች እንኳ ፕሮግራሙ አያነጋግርዎትም። የጾሙንም ቀድማ ትናገር። ነፍሰ ጡር ናትና ንስሐ አባቷ ያሰናብቷት፤ ያለዚያ ወጥ ቤቱ የሚያቀርብላትን እየተወች በባዶ ሆድ መድኃኒት ስትወስድ ትገኛለች። ስትገባ የምትይዘው የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ፣ የእሷን የቲቢ ምርመራ፣ የአሳዳጊነት ወረቀት ካለ እሱን፣ መድኃኒቶቹን በፋርማሲው ጠርሙስ እንዳሉ ነው። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫና ሽቶ በር ላይ ይወሰዳል።

ከወሊዱ በኋላ

ቡፕረኖርፊን ወይም ሜታዶን ላይ የረጋች እናት ጡት ብታጠባ ይበረታታል። አልኮል ከጀመረች ግን ያ ይለወጣል። የሕፃኑ ሐኪም በእርግዝናው አልኮል እንደነበረ ይነገረው፤ የእድገት ችግሩ የሚታየው ዘግይቶ ነው፣ ቀድሞ ካወቀ ይከታተለዋል። ለመድኃኒት የተጋለጠ ሕፃን ሆስፒታል ውስጥ ሲታይ አሁን ብዙ ቦታ የሚታየው ይጠባል ወይ፣ ይተኛል ወይ፣ ሲታቀፍ ዝም ይላል ወይ ነው፤ እናትየው አብራው መሆኗ ራሱ ሕክምና ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ የኦፒዮይድ ኦቨርዶዝ ከፍ ብሎ ያገኘው ከወሊድ በኋላ ከ7ኛው እስከ 12ኛው ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ሁሉም ሰው «አለፈላት» ብሎ ዘወር በሚልበት። የመውጫው እቅድ ይህን ጊዜ መሸፈን አለበት።

የምትወጣበት ቤት ከመውጣቷ 60 ቀን ቀድሞ ይፈለግ። ኦክስፎርድ ሃውስ የሚባለው፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሩትና ኪራዩን የሚጋሩት ቤት የተጀመረው በ1975 እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እናቶችን ከልጆች ጋር የሚቀበሉም አሉት። እዚያ ካውንስለር የለም፣ የጠጣ ይወጣል፤ ስለዚህ ለጸናች እንጂ ከዲቶክስ በቀጥታ ለወጣች አይሆንም።

እምቢ ካለችስ? በግድ ማስገባት አይቻላችሁም። ያኔ «ማገገሚያ ግቢ» የሚለውን ተዉትና የቅድመ ወሊድ ቀጠሮ ብቻ ለምኗት፤ ሴቶች ለራሳቸው እምቢ ያሉትን ለፅንሱ እሺ ይላሉ፣ አዋላጇም ዲቶክሱን ልታዝ ትችላለች። የ4 ዓመቱን ልጅ እሷ ጠጥታ እንዳትነዳው ቁልፉን እርስዎ ይያዙ፤ ናሎክሶኑ የት እንዳለ የ11 ዓመቷም ትወቅ።